ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ክፉኛ

ባለፈው ምዕራፍ ግስ በአረፍተ ነገራችን መጨረሻ ተቀምጦ ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም አይተናል። ማን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ፣ ያደረገው አንድ ይሁን ብዙ፣ ሁሉንም ጠቅልሎ ይይዛል። «ነገርኳችሁ» ብቻውን ሙሉ አረፍተ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ሳንነካው አልፈናል፤ «እንዴት?» የሚለውን። ነገሩ የተደረገው በዝግታ ነው ወይስ በችኮላ? በቀላሉ ነው ወይስ በብርቱ? ይህን የሚነግረንን ቃል የሰዋስው ሰዎች ተውሳከ ግስ ይሉታል፤ በግስ ላይ የሚታከል ማለት ነው። «ቶሎ መጣ» ውስጥ «ቶሎ» ተውሳከ ግስ ነው።

በዚህ ምዕራፍ አንዲት ተውሳከ ግስ ይዘን እንቆያለን፤ «ክፉኛ»ን። አንዲት ቃል ለአንድ ምዕራፍ ትበዛለች የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንደ እኔ ግን አማርኛና አብረውት የሚኖሩት የሀገራችን ቋንቋዎች «እንዴት»ን የሚመልሱበትን መንገድ ይህች ቃል ከብዙ ዝርዝር በተሻለ ታሳያለች። ምሳሌዎቻችንን በብዛት የምንወስደው ከካፋ ዞን፣ ከቦንጋና ከአካባቢው ነው፤ ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

ጭራዋ የለችም

ቦንጋ ያደገ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እናስብ። ቤት ውስጥ ካፊኖኖ፣ ማለትም የካፋን ቋንቋ፣ ይናገራል። መንገድ ላይና መሥሪያ ቤት አማርኛ ያገኘዋል። የባዮሎጂና የፊዚክስ መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። በሦስት ቋንቋ የሚኖር ልጅ ስለሆነ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው የማያስተውለውን ያስተውላል።

የእንግሊዝኛ መምህሩ «ሊ» የምትባለውን ጭራ ያስተምሩታል። «ስሎው» ዝግተኛ ከሆነ «ስሎውሊ» በዝግታ ይሆናል፤ «ኳይት» ጸጥተኛ ከሆነ «ኳይትሊ» በጸጥታ ይሆናል። ቅጽሉን ይዞ ጭራዋን መቀጠል ነው። በዚህች አንዲት ጭራ በሺዎች የሚቆጠሩ ተውሳከ ግሶች ይወለዳሉ። ልጁ ወደ አማርኛ ዞሮ የዚህችን ጭራ አቻ ቢፈልግ አያገኛትም።

ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ለዚህ የቃል ክፍል የሰጡት ቦታ ጠባብ ነው። «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «እንደገና»፣ «ክፉኛ»፣ «ምንኛ»፣ «ጅልኛ»፣ «ግምኛ» ይላሉ፤ ዝርዝሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስሞችና ግሶች መዝገበ ቃላት ይሞላሉ፤ ተውሳከ ግሶች ግን በአንድ ትንፋሽ ተቆጥረው ያልቃሉ። ከእነዚህም «ግምኛ»ና «ጅልኛ» ዛሬ ከወጣት አፍ እምብዛም አይሰሙም።

ታዲያ አማርኛ «እንዴት» የማይል ቋንቋ ነው? አይደለም። አማርኛ «እንዴት»ን ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል።

አቆላልና ጤና አዳም

ቡና ሲፈላ ጣዕሙን የሚለውጡት ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አቆላሉ ነው። ለስለስ ብሎ የተቆላና እስኪጠቁር የተቆላ ቡና ጣዕማቸው ይለያያል፤ ነገር ግን አቆላሉን ከፍሬው ነጥሎ በእጅ መያዝ አይቻልም። ሁለተኛው ስኒው ውስጥ የምትጨመረው ጤና አዳም ናት። እሷ ከቡናው ተለይታ የምትታይ፣ ከፈለጉ የሚጨምሯት፣ ካልፈለጉ የሚተዋት ነገር ናት።

እንግሊዝኛ «እንዴት»ን በብዛት እንደ ጤና አዳም ከላይ ይጨምራል። አማርኛ ግን ግሱ ሲቆላ አብሮ ይቆላዋል።

ቡና ለቀማን እንውሰድ። አንዲት ሴት የደረሰውን ቀይ ፍሬ «ለቀመች» ስንል አንድ ነገር ተባለ። «ለቃቀመች» ብንል ግን ሌላ ሥዕል ይመጣል፤ እዚህም እዚያም የቀረውን፣ የወደቀውን፣ ሌላው ያለፈውን እየፈለገች ሰበሰበች። ከ«ለቀመች» ውጭ የተጨመረ ቃል የለም። አንድ ፊደል በግሱ ሆድ ውስጥ ተደገመና «እንዴት» የሚለው ተመለሰ። «ሰበረ» እና «ሰባበረ»፣ «ነካ» እና «ነካካ»፣ «ጠየቀ» እና «ጠያየቀ» የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እንግሊዝኛ ለ«ጠያየቀ» አንድ ሐረግ ማውጣት ይኖርበታል።

ሁለተኛው መንገድ አንድን ግስ በሌላ ግስ ፊት ማስቀደም ነው። «ሮጦ መጣ»፣ «ደጋግሞ ጠየቀ»፣ «አጥብቆ ያዘ»። የመጀመሪያው ግስ ብቻውን አይቆምም፤ ሁለተኛውን ተደግፎ ሁለተኛው እንዴት እንደ ሆነ ይነግረናል። ሦስተኛው በ«አለ» የሚሠራው ነው፤ «ቀስ ብሎ ገባ»፣ «ከት ብሎ ሳቀ»፣ «ብድግ አለ»። «ከት» ብቻዋን ምንድን ናት? ምንም። «ብሎ» ሲከተላት ግን ሳቁ ይሰማል። አራተኛው «በ»ን ከስም ጋር ማጣመር ነው፤ «በጥንቃቄ»፣ «በዝምታ»። ከአራቱ ወደ ጤና አዳም የሚጠጋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

እውነተኛ ተውሳከ ግስን ከእነዚህ የምንለይበት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ባለቤቱን መለወጥ ነው። «ፈጥኜ መጣሁ»፣ «ፈጥና መጣች»፣ «ፈጥነው መጡ»፤ ሰው በተለወጠ ቁጥር ቃሉም ይለወጣል፤ ስለዚህ ገና ግስ ነው። «ቶሎ መጣሁ»፣ «ቶሎ መጣች»፣ «ቶሎ መጡ»፤ «ቶሎ» ንቅንቅ አላለም። «ክፉኛ»ም እንዲሁ ነው። «ክፉኛ ታመምኩ»፣ «ክፉኛ ታመመች»። ማንም ታመመ ማን ቃሉ አንድ ነው።

በሁለቱ መካከል በመንገድ ላይ ያሉ ቃላትም አሉ፤ እኔን በጣም የሚማርኩኝ እነሱ ናቸው። «ደግሞ» በመልኩ «ደገመ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን «እኔ ደግሞ»፣ «እሷ ደግሞ»፣ «እነሱ ደግሞ» እንላለን እንጂ «እሷ ደግማ» ብንል ሌላ ነገር ይሆናል። ግስነቱ አልቆ ደርቋል። «ፈጽሞ» ገና እየደረቀ ነው፤ «ፈጽሞ አላየሁም» የሚልም «ፈጽሜ አላየሁም» የሚልም ሰው አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ቃል ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር በሕይወታችን ዘመን ቆመን እያየነው ነው።

ከጎጀብ ወዲያ ማዶ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። ጎጀብ የኦሞ ገባር ነው፤ ካፊኖኖ የሚመደብበት ኦሞአዊ የሚባለው የቋንቋ ቤተሰብም ስሙን ያገኘው ከኦሞ ወንዝ ነው። አማርኛ ግን ከግዕዝና ከትግርኛ ጋር የሴማዊ ቤተሰብ ነው። በምዕራፍ አራት ስለ ቋንቋ ዝምድና ባነሳነው መለኪያ ካየነው አማርኛ ለዓረብኛ የሚቀርበውን ያህል ለካፊኖኖ አይቀርብም። የካፊኖኖ የቅርብ ዘመዶች የሸካዎች ቋንቋና ከአባይ ማዶ በመተከል የሚነገረው የሺናሻዎች ቋንቋ ናቸው።

ሆኖም የቦንጋው ልጅ ከካፊኖኖ ወደ አማርኛ ሲሻገር የአረፍተ ነገሩ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም። በሁለቱም ግሱ መጨረሻ ላይ ይቆማል። በሁለቱም ጥገኛ ግሶች ከዋናው ግስ ፊት ይሰለፋሉ። በሁለቱም እንደ «ቀ» እና «ጠ» ያሉ ፈንጂ ድምፆች አሉ። እንግዳ የሚሆንበት እንግሊዝኛው ነው።

አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቱ ለዚህ ማብራሪያ ሰጥቷል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ከተለያየ ቤተሰብ ቢመጡም ለረጅም ዘመን አጠገብ ለአጠገብ ስለኖሩ ጠባይ ተወራርሰዋል፤ አንድ የቋንቋ ቀጠና ሆነዋል። በዝርዝሩ ከገቡት ጠባዮች መካከል ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱ፣ እንደ «ሮጦ» ያለው ጥገኛ ግስና በ«አለ» የሚሠሩ ጥምር ግሶች ይገኙበታል። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ሁለቱ «እንዴት»ን የምንመልስባቸው መንገዶች ናቸው። የተወራረስነው ቃላትን ብቻ አይደለም፤ የነገርን አኳኋን የምናይበትንም መንገድ ነው።

ይህ መወራረስ ሁልጊዜ በሰላም የመጣ አይደለም። የካፋ መንግሥት የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ሸንጎ የነበረው ጥንታዊ መንግሥት ነበር፤ የመጨረሻው ታቶ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘው ካፋ ወደ ምኒልክ ግዛት ገባ። አማርኛ ቦንጋ ላይ የአስተዳደር ቋንቋ ሆኖ የተተከለው ከዚያ ወዲህ ነው። ካፊኖኖ ግን ከዚያ በፊትም በሊቃውንት ይጠና ነበር፤ የኦስትሪያው ሊዮ ራይኒሽ ስለ ቋንቋው የጻፈው ጥናት በቪየና የታተመው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት አክሎበታል። ዛሬ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ተጽፎ በትምህርት ቤት ይሰጣል።

«ኛ» የምትሠራው ሥራ

ወደ «ክፉኛ» እንመለስ። ቃሉ ሁለት ክፍል አለው፤ «ክፉ» እና «ኛ»። «ኛ»ን ከብዙ ቦታ እናውቃታለን። «ሁለተኛ» ስትል ተራ ትቆጥራለች፤ «ፈረሰኛ» ስትል ሰውን ከያዘው ነገር ትሰይማለች። ሌላም ሥራ አላት፤ ቋንቋን መሰየም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ እንላለን፤ ካፊኖኖንም በአማርኛ ከፍኛ ወይም ካፊኛ እያልን እንጠራዋለን።

አሁን «ክፉኛ»ን ከ«አማርኛ» ጎን አስቀምጡት። አማርኛ የአማራ አነጋገር ነው፤ ክፉኛ የክፉ አኳኋን ነው፤ ጅልኛ የጅል አሠራር ነው። እኔ እነዚህን አንድ ቤተሰብ አድርጌ አያቸዋለሁ። በሁሉም ውስጥ «ኛ» የምትለን «በዚያ ዓይነት፣ በዚያ ወገን መንገድ» ነው። ካፊኖኖ ለቋንቋ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። «ኖኖ» አፍ ማለት ነው፤ ካፊ ኖኖ የካፋ አፍ ነው። አማርኛም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ሲል እዚያው ይደርሳል። አንዱ ቋንቋን በሚናገርበት አካል ሰየመው፤ ሌላው በሚነገርበት አኳኋን።

«ኛ» ቋንቋ ለመሰየም ዛሬም ሕያው ናት። አዲስ የቋንቋ ስም ቢመጣ ሳናስብ «ኛ» እንቀጥልበታለን። ተውሳከ ግስ ለመውለድ ግን መክናለች። «ደግ» አለን፤ «ደግኛ» አንልም። «ሰነፍ» አለን፤ «ሰነፍኛ ሠራ» የሚል የለም። እንግሊዝኛ «ሊ»ን ዕለት ዕለት ሲያሠራት አማርኛ ይህችን በር ገርበብ አድርጎ ዘጋት። «ክፉኛ» በሩ ከመዘጋቱ በፊት የወጣች ቃል ናት።

ሕመም መጠን ሲሆን

«ክፉኛ» ዛሬ ምን ትላለች? «ክፉኛ ታመመ» ስንል በክፉ ጠባይ ታመመ ማለታችን አይደለም። ብዙ፣ ከባድ፣ ከልክ ያለፈ ማለታችን ነው። ክፋቱ ወደ መጠን ተለውጧል።

ይህ ለውጥ በአማርኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጀርመንኛ «በጣም» ለማለት «ዜር» ይላል፤ ይህ ቃል በጥንቱ ጀርመንኛ «በሚያሳምም አኳኋን» ማለት ነበር። ሕመሙ ጠፍቶ መጠኑ ብቻ ቀረ። የዚህ ቃል የሥጋ ዘመድ በእንግሊዝኛ «ሶር» ነው፤ ዛሬ የቆሰለ፣ የሚያምም ማለት ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ግን «ሶር» ተውሳከ ግስም ነበር፤ ትርጉሙም ልክ እንደኛ «ክፉኛ»። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 9 ላይ የቤተ ልሔም እረኞች መፍራታቸውን ሲናገር ፍርሃቱን የሚያበረታው በዚህ ቃል ነው። አዳዲሶቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ቃሉን ትተውታል፤ የዛሬ አንባቢ ፍርሃት ሳይሆን ቁስል ይመጣበታልና። «ሶርሊ» የምትል ልጁ ግን ከተወሰኑ ቃላት ጋር ብቻ እየዋለች ተርፋለች፤ ከናፍቆት፣ ከችግር፣ ከፈተና ጋር።

ያው የሉቃስ ቁጥር በአማርኛ ሲነበብ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ግሪክኛው ተውሳከ ግስ አልተጠቀመም፤ ፍርሃትን ራሱን የመፍራት ተሳቢ አድርጎ «ታላቅ» የሚል ቅጽል ጨመረበት። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ አደረገ። ስልቱን እናውቀዋለን፤ «ታላቅ ሐዘን አዘነ»፣ «መራራ ልቅሶ አለቀሰች» እንላለን። ግሱ ከገዛ ሥሩ የወጣውን ስም መልሶ ይወስዳል። እንግሊዝኛው ግን ይህን መንገድ ትቶ «ሶር»ን አመጣ። አንድ ፍርሃት በሦስት ቋንቋ ሲነገር ግሪክኛና አማርኛ «እንዴት»ን አንድ ቦታ አስቀመጡት፤ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ቦታ መረጠለት።

«ክፉኛ»ም እንደ «ሶርሊ» ጓደኛ ትመርጣለች። «በጣም» ከሁሉም ጋር ይሄዳል፤ በጣም ሳቀ፣ በጣም ረዘመ፣ በጣም ጣፈጠ። «ክፉኛ» ግን ከመታመም፣ ከመቁሰል፣ ከመመታት፣ ከመደንገጥ፣ ከማዘን፣ ከመጠማት ጋር ነው የምትውለው። «ክፉኛ ጣፈጠ» ብንል ጆሮ አይቀበለውም። ሕመሙ ወደ መጠን ቢለወጥም ጨርሶ አልጠፋም፤ ቃሉ አሁንም የሚጎዳ ነገር ይፈልጋል።

ደራሲው እጅ ላይ

የሥነ ጽሑፍ ጉልበቷ የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ደራሲ «በጣም ወደዳት» ቢል ነገረን፤ ያበቃል። «ክፉኛ ወደዳት» ቢል ግን መውደድን ከመቁሰልና ከመታመም ተርታ አስገባው። ይህ ፍቅር የሚጎዳ መሆኑን ገና ታሪኩ ሳይነገር አወቅን። ቃሉ የለመዳቸውን ጓደኞች ሁሉ ይዞ ነው የገባው። «በጣም» ይህን ማድረግ አይችልም፤ ከሁሉም ጋር ስለሚውል የማንንም ጠረን አይዝም።

ሁለተኛው ጉልበት ከቦታዋ ይመጣል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚቆም «እንዴት» ሁልጊዜ ከ«ምን ሆነ» ቀድሞ ይሰማል። በካፋ ጫካ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ ስለወጣ ሰው እየተነገረን ነው እንበል። «ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ሰውየው ክፉኛ» ሲባል ገና ምን እንደ ሆነ አናውቅም። ተጎዳ? ደነገጠ? ክብደቱን ሰምተናል፤ የከበደው ነገር ግን ገና ነው። በዚያች ቅጽበት አንባቢው ትንፋሹን ይይዛል። እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ መጎዳቱን አስቀድሞ ምን ያህል እንደ ሆነ ከኋላ ይነግራል፤ ይህ ጥበቃ አይገኝበትም።

ደራሲው ልማዱን ሊገለብጠውም ይችላል። «ወደቀ። ተጎዳ፤ ክፉኛ።» እዚህ ቃሉ ከግሱ ኋላ ብቻውን ስለቆመ እንደ ሁለተኛ ዜና ይሰማል። ይህ ስልት አንድ ጊዜ ሲሆን ያስደነግጣል፤ በየገጹ ሲመጣ ግን የጸሐፊው አመል ይሆናል።

እህቷ «ምንኛ» ደግሞ ተራ ወሬ ውስጥ አትገባም። «ይህ ጫካ ምንኛ ያምራል!» እንላለን እንጂ «ትናንት ምንኛ ዘነበ» ብለን የአየር ሁኔታ አናወራም። የምትወጣው ልብ ሲሞላ ብቻ ነው፤ በአድናቆት፣ በናፍቆት፣ በቁጭት። ስለዚህ ገጸ ባሕርይ አፍ ውስጥ ስትገባ ያ ሰው የተናገረበትን ድምፅ ጭምር ትሰጠናለች።

«በ… ሁኔታ»

አሁን ቅድም ያቆየነውን «በ» እናንሳ። እንግሊዝኛ በሚያስተምሩ የድርሰት መጻሕፍት ተውሳከ ግስ ቀንሱ የሚል ምክር የታወቀ ነው። ለእነሱ ተገቢ ነው፤ «ሊ» በሞላበት ቤት መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ምክር ለአማርኛ ጸሐፊ እንዳለ መስጠት ግን ትርጉም የለውም። የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ ከትርጉም የመጣ ነው።

ዜና ክፈቱ። «ስብሰባው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ»፤ «ዋጋው በከፍተኛ ሁኔታ ጨመረ»፤ «በአስደናቂ ሁኔታ አሸነፈ»፤ «በከባድ ሁኔታ ቆሰለ»። አማርኛ ውስጥ «ሊ» ስለሌለች ተርጓሚው «በ… ሁኔታ» የሚል ምትክ ሠርቶላታል። «በ… መልኩ»ም የዚሁ መንትያ ነው። አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ሕግና ሳይንስ ሲጻፍ ሌላ መንገድ ሊታጣ ይችላል። ግን «ሁኔታ» ምንም የማይሸት ቃል ነው። «በከባድ ሁኔታ ቆሰለ» የሚለውን ያነበበ ሰው ቁስሉን አያይም፤ «ክፉኛ ቆሰለ» ቢባል ያየው ነበር። «ስብሰባው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ከማለት «ስብሰባው ሰመረ» ማለት ይበቃል፤ «እንዴት»ን ግሱ ራሱ ይዞታልና። «በተደጋጋሚ ሁኔታ ጠየቀ» ደግሞ ለምን? «ደጋግሞ ጠየቀ»፣ ወይም ብዙ ሰው ጋ ሄዶ ከሆነ «ጠያየቀ»።

ይህ ነገር ለካፊኖኖ ከአማርኛ ይልቅ አሳሳቢ ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛ ብዙ ዘመን የተጻፈ ቋንቋ ስለሆነ ጸሐፊው ቢሳሳት ወደ ኋላ ዞሮ የሚያየው የቆየ ጽሑፍ አለው። በካፊኖኖ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ መምህር ግን ብዙ ጊዜ ፊቱ ያለው የእንግሊዝኛ ወይም የአማርኛ መጽሐፍ ነው። አንድ ጊዜ «ሊ»ን በአንድ ቋሚ ምትክ ከተረጎመና ያ ምትክ በሕፃናት መጽሐፍ ከታተመ፣ ትውልዱ የመጽሐፍ ካፊኖኖ እንዲህ ነው ብሎ ያድግበታል። ከሁሉ በፊት መሰብሰብ ያለበት አዛውንቶች ሲተርኩ ግስን ከግስ እያያያዙ «እንዴት»ን የሚናገሩበት አነጋገር ነው፤ በድምፅ ተቀርጾ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ከስምና ከግስ መዝገቡ ጎን ለጎን። መዝገበ ቃላት ብቻውን ይህን አይዝም፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለው በቃሉ ውስጥ ሳይሆን አንዱ ግስ ሌላውን በሚደገፍበት መንገድ ውስጥ ነው።